ሦስተኛው ጥግ

«አንቺ ልጅ፣ ተይ እስቲ! የወንድምሽን ዘፈን አታበላሺበት። ዛሬ ራዲዮ ላይ የሚዘፍነውን አንቺ እዚህ በጠዋቱ ታላምጪዋለሽ?»

ይህን ያለችው እናትየው ናት። የተባለችው ደግሞ ትልቋ ልጇ፣ ልብስ ሰፊዋ ናት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምራ የስፌት መኪናዋ ላይ ተጎንብሳ የመጋረጃ ጠርዝ እየቀመቀመች፣ አፏን ሳትከፍት በአፍንጫዋ ታዜም ነበር። ባለ ዘፈን የተባለው ወንድሟ ከችፑድ ግድግዳው ወዲያ ቆሞ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል። ሁሉንም ሰማ። የእህቱ ዜማ ግማሽ ላይ ቁርጥ ሲል፣ መኪናው ብቻውን ትርርር እያለ ሲቀጥል፣ ሁሉንም። እዚህ ላይ መናገር የነበረበት እሱ ነው፤ ዜማው የሱ አይደለማ! የእህቱ ነው፤ ከእሷ አፍ ነው የወሰደው። እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፣ የማታውቀው እናትየው ብቻ ናት። ልጅየው ግን ሁለተኛውን ቁልፍ ቆለፈ። 

እናትየው ላይ አትፍረዱ። ልጇ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺኑ ዜማ ስታንጎራጉር እሷ እዚያው አጠገቧ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ኖራለች። ግን የቤት ድምፅ ማን ይሰማዋል? የቧንቧ ጠብታ ነው፣ የበር ሲጥ ማለት ነው። ያው ዜማ ባለፈው ዓመት በጊታር ታጅቦ ከስልክ ውስጥ ሲወጣ ግን «ኧረ ጉድ! ልጄ ይህን ከየት አመጣው?» ብላ ደረቷን መታች። ከየት እንዳመጣው አንድ ሜትር ርቃ የተቀመጠችው ልጇ ልትነግራት ትችል ነበር።  የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ ይቺም አንዱን ለዘፈን፣ አንዷን ለዝምታ የወለደች ይመስላታል።

ልጁን ሰፈሩ «ክሩ» ነው የሚለው። ቅጥነቱን አይተው ነው የሚሉ አሉ፤ የልብስ ሰፊ ወንድም ስለሆነ ነው የሚሉም አሉ። እሱ ስሙን ወደደውና ዘፈኖቹን ኢንተርኔት ላይ በዚሁ ስም ይለቃል። አሳታሚ የለው፣ ባንድ የለው፤ የሚቀዳው እዚያው መኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ ብርድ ልብሱን መስኮቱ ላይ ሰቅሎ ነው። ግድግዳው ስስ በመሆኑ ለመቅዳት ባሰበ ቁጥር «እትዬ፣ አንዴ አቁሚልኝ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ይላታል። አምስቱ ደቂቃ ሰዓት ይሆናል፤ እሷም እጇን አጣጥፋ ትጠብቀዋለች። አንድ ቀን ግን አስቸኳይ ሥራ ይዛ «ዛሬስ አልችልም፣ እንደፈለግህ ሁን» አለችው። ተናዶ እንዲሁ ቀዳ። ኋላ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጠው የራሱ ዘፈን ውሃ ውሃ ይላል፤ ከዘፈኑ ጀርባ ያለው ግን ጆሮውን ያዘው። የመኪናው ትርታ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የእህቱ ዜማ። አንዴ ረጅም ይሄዳል፣ ከዚያ ድንገት ዝም፣ ከዚያ ከተወበት ይነሳል። ክሩ የራሱን አጠፋና የእሷን አስቀረ።

«እትዬ፣ ይህቺ የምታዜሚያት ምንድን ናት?» ብሎ ጠይቋት ነበር በማግስቱ።

«እኔ እንጃ፤ ለጠርዙ ነው» አለችው። «ሳላዜም ከሰፋሁ ይጠምምብኛል።»

ነገሩ ይኸው ነው። ሜትር ከመያዝ በዜማ መለካት ይቀናታል፤ የአንድ መስኮት መጋረጃ ቁመት አንድ ሙሉ ዙር ነው፣ ወርዱ ግማሽ። ጥጉ ላይ ስትደርስ ጨርቁን የሚጫነውን የብረት እግር ታነሳለች፣ ጨርቁን ታዞራለች፣ እግሩን ታወርዳለች፤ እስከዚያ ድረስ ትንፋሿን ትይዛለች። ዝምታው ያ ነው። መጋረጃ አራት ጥግ አለውና ዘፈኑም አራት ዝምታ አለው። ክሩ ግጥም ጻፈለት፣ ጊታር አስገባበት፣ ሲቀዳ መኪናውን አላስቆመም፣ ዝምታዎቹንም እንደነበሩ ተዋቸው። ዘፈኑን የወደዱ ሁሉ የሚያወሩት ስለነሱ ነው። «ትንፋሽ ያስይዛል» ብሎ የጻፈ አድማጭ አለ፤ ምስኪን፣ ትንፋሽ ያስያዘው የመስኮት መጋረጃ መሆኑን በምን ይወቅ!

እንግዲህ ዛሬ ራዲዮ ጣቢያ ተጠርቷል። ፕሮግራሙ «በራስ እጅ» ይባላል፤ ግጥሙንም፣ ዜማውንም፣ ቅንብሩንም ያለማንም እርዳታ ለሠራ ሙዚቀኛ ብቻ የተዘጋጀ ነው። የቀረቡት ሁሉ ዓመቱ መጨረሻ ላይ በትልቁ አዳራሽ፣ በሙሉ ባንድ ይዘፍናሉ። ክሩ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አዳራሽ የገባው ሁለት ጊዜ ሲሆን ሁለቱንም ጊዜ ወንበር ሊደረድር ነው። ሲወጣ እህቱ ቀና ብላ አየችው፣ ከሸሚዙ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ ክር በጥርሷ በጠሰችለትና «በል፣ ቅናው» አለችው።  ሌላ አንድ ቃል ብትጨምርበት ይሻለው ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ ቆሞ ነው የሄደው። ታሪፉ ከትናንት ወዲያ ጨምሮ ስለነበር ተሳፋሪው ሁሉ ትኬት ቆራጩን ጨማሪው እሱ ይመስል ሙልጭ አድርጎ ይሰድበዋል። ክሩ በአንድ እጁ ጊታሩን አቅፎ በሌላው አንዲት የታጠፈች ወረቀት ያነባል። አቅራቢዋ «ማን ማን ነው ተጽዕኖ ያደረገብህ?» ብላ መጠየቋ አይቀርምና ስድስት ስም በክብር ቅደም ተከተል ጽፎ ይዟል። አንደኛው አገር ያደነቀው አንጋፋ ድምፃዊ ነው፤ ክሩ ሆቴል ውስጥ ለእራት ተመጋቢ ሲዘፍን ሦስት ዓመት ሙሉ የእሱን ድምፅ አስመስሏል፤ ድምፁን ብቻ ቢሆን ደግ፣ ሳሉን ሳይቀር። ሁለተኛው አባቱ በትንሿ ራዲዮ ያዳምጡት የነበረ ክላርኔት ነፊ ነው። ሦስተኛው አራት ክር ብቻ የቀረው ጊታር የሸጠለት ጎረቤት ሲሆን እሱን ያስገባው ትሑት ለመምሰል ነው። የቀሩት ሦስቱ የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ከስድስተኛው የሰማው አንድ ዘፈን ብቻ ነው። ወረቀቷን እላይ እታች አያት። ሰባተኛ መስመር የሚሆን ቦታ ነበራት።

ጣቢያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው የተሸረፈ፣ እንግዳ መቀበያው ጠባብ፣ የመጠጥ ውሃው በርሜል ሙሉ፣ ኩባያ ግን የሌለበት። እንግዳ ተቀባይዋ አንድ ቅጽ ሰጠችው። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ይላል፤ በየፊታቸው አንዳንድ መስመር፣ ከታች «ከላይ የተገለጸውን ሁሉ የሠራሁት እኔ ራሴ መሆኔን አረጋግጣለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገርና የፊርማ ቦታ። የግጥሙን መስመር በሙሉ ስሙ ሞላ። የቅንብሩንም ሞላ። መሃከለኛው ላይ እስክሪብቶው ቆመ።

«ወንድሜ፣ ባዶ መስመር ካለ አይቀበሉኝም» አለችው ልጅቷ ሰዓቷን እያየች።

እጁ ከጭንቅላቱ ቀደመ እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል። እጁ በደንብ አስቦ ነው የጻፈው። የራሱን ስም ጻፈና ፈረመ፤ ፊርማውም ቆንጆ ወጣ።

ስቱዲዮው ውስጥ ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ የሹራቡን እጅጌ ሰብስቦ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጥሏል። ስርጭቱ ሳይጀመር «እስቲ ሞክራት» አለው። ክሩ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ዝምታ ላይ ሲደርስ ግን ቀድሞ ገባ። ይቅርታ ብሎ እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ቀድሞ ገባ። እቤት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እቤት ከግድግዳው ወዲያ የመኪናውን እግር ቀጭ ማለት ይጠብቃል፤ ያ ብረት እስኪወርድ አይነሳም። እዚህ ያለው ግድግዳ በስፖንጅ የተለበጠ፣ ምንም የማይናገር ግድግዳ ነው።

«እቤት የቀዳኸው ላይ ከኋላ ትርትር የሚል ነገር አለ» አለ ሰውዬው በማይክሮፎኑ።

«የእህቴ ስፌት መኪና ነው። ግድግዳችን ስስ ነው።»

ሰውዬው ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለና «እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ነፍሷን ይማረውና» አለ። «ታነሳለች፣ ታዞራለች፣ ታወርዳለች። እንደዚያ ቁጠረው። ይሄ ዘፈን እኮ ጥግ አለው።» ክሩ እንደተባለው ቆጠረ፤ ተሳካለት። ሰውዬው አውራ ጣቱን አሳየው፤ ነገር ግን ዓይኑን ከእሱ ላይ ቶሎ አላነሳም።

አቅራቢዋ ፈጣን ሴት ናት፤ በአንድ ዓይኗ ስልኳን፣ በሌላው እንግዳዋን የምታይ። ተጽዕኖውን ጠየቀችው፤ ስድስቱን ስም አንድ በአንድ ዘረዘረ፣ ስድስተኛው ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ የጠለቀ ነገር ያለው እንዲመስል። ቀጥላ «አሁን ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን ልጠይቅህ» አለችው። «መሃል ላይ ያሉት ዝምታዎች፣ አራቱ፣ ከየት መጡ?»

ክሩ መስታወቱን አየ። ሰውዬው ቀና ብሎ እያየው ነው። በዚህች ደቂቃ እናቱ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ ራዲዮኑ ሥር እንደተቀመጠች ያውቃል፤ እህቱም ሰው እንዲሰማ ብላ መኪናዋን እንዳቆመች፣ እንደ ልማዷ እጇን እንዳጣጠፈች ያውቃል። «የእህቴ ነው» ማለት ሁለት ቃል ናት። ሊላት አፉን ከፈተ። ከዚያ የፈረመው ቅጽ ትዝ አለው፣ አዳራሹም ትዝ አለው።

«ከራሴ ነው» አለ። «ዝምታ እወዳለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ዋው!» አለች አቅራቢዋ። ሰውዬው አንገቱን ደፋና ቁልፎቹን መነካካት ያዘ። ዘፈኑን ሲዘፍን አንደኛው ጥግ ደህና ሄደ፣ ሁለተኛው ደህና ሄደ፣ ሦስተኛው ላይ ግን ቸኮለ። ሰው አላወቀበትም። አቅራቢዋማ አጨበጨበች።

ኮሪደሩ ላይ ያ ሰውዬ ተከትሎት ወጣ። ነገር የሚፈልግ አይመስልም፤ ሲጋራውን በጣቱ ይዞ መውጣቱ ነበር። «ፕሮግራሙ እሁድ ይደገማል» አለው። «የምቆርጠውም የምቀጥለውም እኔ ነኝ። የሚስተካከል ነገር ካለ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ደውልልኝ።» ክሩ ያችን ወረቀት አወጣለትና ሰውዬው ቁጥሩን ጀርባዋ ላይ ጻፈለት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ይሄ ደግሞ ወለምታ እንኳ አልነበረም።

እቤት እስኪደርስ ስልኩ አላረፈም። አጎቱ ደወለ፣ ሆቴሉ ውስጥ ያሠራው የነበረ ባንድ መሪ ደወለ፤ ያ ሰው እንኳን ደስ አለህ ያለው በሕይወቱ የመጀመሪያ ጊዜው ሳይሆን አይቀርም። ለሁሉም «አመሰግናለሁ» አለ። በር ላይ እናቱ አንገቱን አቅፋ ጉንጩን አገላብጣ ሳመችው። «አኮራኸኝ! ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ‹ከልጅነቴ ጀምሮ› ስትልማ ዕንባዬ መጣ። እውነትህን ነው፣ አንተ ድሮም ዝምተኛ ነበርክ።»

እህቱ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። መኪናው ቆሟል። ጭኗ ላይ መጋረጃ ዘርግታ በምላጭ ስፌት ትተረትራለች፤ እግሯ ሥር ሌሎች አራት ተከምረዋል። ለአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ አራት መጋረጃ ተቀብላ ነበር፣ ማስረከቢያው ደግሞ ነገ ነው። ክሩ አንዱን አነሳና አየው። ጠርዙ መሃል ላይ ገደድ ብሎ፣ ወደ ጥጉ ሲጠጋ ጭራሹን ከመስመሩ ወጥቷል።

«ምን ሆነ?»

«ጠመመብኝ።»

«አንቺ ደግሞ ጠምሞብሽ ያውቃል?»

 የመለሰችው እናትየው ናት፤ ምስሩን ትሪው ላይ እያንገዋለለች «ከጠዋት ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችም፣ ስነግራት ሰምታኛለች» አለች። «ቤቱ እንዴት ሰላም ሆኖ እንደዋለ!»

ክሩ መሬት ላይ ተቀመጠና ሌላ ምላጭ ወስዶ መተርተር ጀመረ።  ከዚህ በፊትም አብረው ዝም ብለው ያውቃሉ፤ የዛሬው ግን መሃላቸው ሦስተኛ ሰው ሆኖ የተቀመጠ ዝምታ ነው። ክሩ አፈረ። ራዲዮ ጣቢያ ያላፈረው ልጅ እዚህ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ጆሮው እስኪግል አፈረ። እህቱ የተተረተረውን ክር ከጨርቁ ላይ እያራገፈች፣ ቀና ሳትል «ሦስተኛው ጥግ ላይ ቸኮልክ» አለችው።

ይህቺን ብቻ። ብትሰድበው፣ ሌባ ብትለው ይችለው ነበር፤ ለዚያማ መልስ ሲያዘጋጅ ነው የመጣው።  ምላጩን አስቀመጠ።

«እማዬ፣ ዜማው የእትዬ ነው።»

«የምን ዜማ?»

«የዘፈኑ። ስትሰፋ የምታዜመው ነው። ከእሷ ነው የወሰድኩት። ዛሬ ጠዋት ተይ ያልሻት የራሷን ነው።»

እናትየው መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ የልጆቿን ፊት አየችና ሳቋን ሰበሰበች። ትሪው ጭኗ ላይ ዘንበል ብሎ ምስሩ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ፤ አላነሳችውም። «ታዲያ አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ወደ ልጇ ዞራ፤ ጥፋቱ አሁንም የእሷ ይመስል።

«መች ጠይቀሽኝ!» አለች እህቲቱ። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ የክር ዋጋ ጨመረ የምትል ነው የሚመስለው። ወደ ወንድሟም ዞረች። «አንተም ብትሆን፣ ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ አውቀዋለሁ። ለራዲዮኑ ንገር እንጂ።»

ወረቀቷን ከኪሱ አወጣ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። ክፍሉ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ደወለ። ሰውዬው በሁለተኛው ጥሪ አነሳ፤ ማን እንደሆነ ሲሰማም ብዙ አልተገረመም። ክሩ ነገሩን ሳያሳምር ነገረው። «ያቺን መልስህን እቆርጣታለሁ፣ ስሟም ይገባል» አለ ሰውዬው። «ግን ታውቃለህ አይደል? ፕሮግራሙ ሁሉንም ብቻውን ለሠራ ነው። አዳራሹ ቀረብህ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ክሩ። አላዘነም ብል ማን ያምነኛል? ያን መድረክ ከልጅነቱ ጀምሮ በሕልሙ ሲወጣበት ኖሯል። ከግድግዳው ወዲያ እህቱ ጨርቁን መኪናው ላይ ስታስተካክል፣ ፔዳሉን ሞከር ስታደርገው ይሰማል።

«እሺ፣ ቅጹን ይዣለሁ። ዜማ። ስሟ ማን ነው?»

ነገረው። እቤት እትዬ፣ ሰፈር ውስጥ ደግሞ መጋረጃዋ ስለምትባል የመዝገብ ስሟ ለገዛ አፉ እንግዳ ሆነበት።

«የአባት ስም?»

«የኔው ነው።»

ፔዳሉ ቆመ። እንግዲህ ግድግዳው ስስ ነው ብለናል፤ ለወዲህ ብቻ ሳይሆን ለወዲያም ስስ ነው። «የአያትም ስም ይጻፉበት!» አለች እህቲቱ ከወዲያ ማዶ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እዚህ ሰፈር ብቻ በኔ ስም ሦስት ሰው አለ፤ ኋላ ለሌላ እንዳይሰጡብኝ!»

ሰውዬው በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ተሰማ። ክሩም የአያታቸውን ስም ሊነግረው አፉን ሲከፍት መኪናው ትርርር ብሎ ተነሳ፣ በላዩም ላይ ያ ዜማ መጣ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ በሙሉ ትንፋሽ። ጥጉ ላይ ሲደርስ ዝም አለ፤ ተነሳ፣ ዞረ፣ ወረደ። በመኪናው ድምፅ ሰውዬው የማይሰማው መስሎት ክሩ የአያታቸውን ስም ጮክ ብሎ ተናገረ። ይሄኔ ግድግዳው በመዳፍ ተደበደበ፤ እናትየው ናት።

«አንተ ልጅ፣ ተው እስቲ! አትጩህባት፣ እየሰማሁ ነው።»